የባሕር ፈረሱ አልታመመም፤ ሥራው መያዝ ነው

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሻርጃ ነው። ባለፈው ዓርብ የሰባት ዓመት ልጄን ይዤ ዓሣ ለማየት ሄደን ነበር። አንድ የባሕር ፈረስ ጋ ስንደርስ ልጄ አልንቀሳቀስም አለ። ጽሑፉ ላይ ‹ታይገር ቴይል› ይላል። ፍጥረቱ አንዲት ቅርንጫፍ በጅራቱ ጨብጦ ንቅንቅ አላለም። ልጄ ‹ታሟል እንዴ?› ብሎ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ። እንዲህ መዋኘት ያቃተው ዓሣ ባሕር ውስጥ እንዴት ነው የሚኖረው? የት ነውስ የሚገኘው? ወንዱ ነው የሚያረግዘው የሚባለው እውነት ነው ወይስ የፌስቡክ ወሬ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን «አልታመመም፤ እኛ ነን ቀን የሄድነው» በይው። ያያችሁት ዝርያ የሌሊት ዓሣ ነው።

የሳይንስ ስሙ ሂፖካምፐስ ኮሜስ ነው። ታይገር ቴይል ያሰኘው ጅራቱ ላይ ጠቆር ቢጫ፣ ጠቆር ቢጫ እያለ የሚወርደው ሽንትር ነው። አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። በፊሊፒንስ፣ በቬትናም፣ በማሌዥያ፣ በሲንጋፖር፣ በታይላንድና በኢንዶኔዥያ ባሕሮች ይገኛል። ትልቅ የሚባለው ከአናቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ ቢለካ ወደ 19 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ስም የወጣለት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቢሆንም፣ ባሕር ውስጥ ምን እየሠራ እንደሚውልና እንደሚያድር በቅጡ የተጠናው ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። ጥናቱም በአብዛኛው የተካሄደው በመካከለኛው ፊሊፒንስ፣ ከቦሆል ደሴት በስተሰሜን ባለው ዳናሆን ባንክ ላይ ነው። ዳናሆን ሁለት ትይዩ የኮራል ሪፎች፣ ማለትም ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የገነቧቸው የድንጋይ ግንቦች፣ ያሉት ቦታ ነው፤ በዓለም ላይ እንዲህ ዓይነቱ በጣት የሚቆጠር ነው።

እዚያ ቀን ቀን የባሕር ፈረስ ፍለጋ የሚጠልቅ ሰው ባዶ እጁን የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው። ዓሣው ኮራል መሀል ተወሽቆ ወይም ስፖንጅ በሚባለው፣ ወለል ላይ ተጣብቆ በሚኖር የባሕር እንስሳ ሥር ተለጥፎ ይውላል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ብቅ ይላል። አንድ ነገር ላይ ጅራቱን ይጠመጥምና ምግብ ይጠብቃል። ሁሉም የባሕር ፈረሶች ግን እንዲህ አይደሉም። በቀን ብርሃን የሚመገቡና የሚጋቡ ዝርያዎች ሞልተዋል። ይኼኛው ነው ለሌሊት ያደላው።

ልጅሽ ጥያቄውን ካነሳ አይቀር፣ የታመመ የባሕር ፈረስ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ጤነኛው ልክ እንዳያችሁት ነው። የሆነ ነገር ይጨብጣል፤ ዓይኖቹ ብቻ እንደ ልባቸው ይዞራሉ። አንዱ ዓይን ወደ ላይ ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ሊያይ ይችላል። የስንጥቡ፣ ማለትም የመተንፈሻው፣ ክዳን ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የታመመው ግን መጨበጡን ይተዋል። ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ አንዳንዴ ጅራቱ ወደ ላይ ይሆናል። ይህ በማሳያ ገንዳ ውስጥ በተለይ ወንዶቹ ላይ የተለመደ ችግር ነው፤ የእርግዝና ከረጢታቸው ውስጥ የጋዝ አረፋ ይጠራቀምና መስመጥ ያቅታቸዋል። ምግብ መተውና ትንፋሽ ማብዛትም መጥፎ ምልክት ነው። ስለዚህ የሚያሳስበው ያልያዘው እንጂ የያዘው አይደለም።

«መዋኘት ያቃተው» የሚለው ትንሽ ይጋነናል። ይዋኛል፤ ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው። ሌላው ዓሣ ውኃውን የሚገፋበት የጅራት ክንፍ እሱ የለውም። የሚገፋው ጀርባው ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ክንፍ ነው። እሷም በሰከንድ ከ30 ጊዜ በላይ ስለምትርገበገብ ዓይን አይከተላትም። ከጉንጩ ኋላ ያሉት ሁለት ሚጢጢ ክንፎች ደግሞ አቅጣጫ ያስይዙታል። ለአጭር መንገድ ይበቃዋል። ጠንከር ያለ ሞገድ ሲመጣ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ይዞት ይሄዳል። መፍትሔው አለመወሰድ ነው። መላ ሰውነቱ የተሠራው አንድ ቦታ ይዞ ለመቆየት ነው ብትዪ አልተሳሳትሽም። አመጋገቡም፣ ትዳሩም፣ ወንዱ ማርገዙም፣ በቀላሉ መጠመዱም ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ከጅራቱ እንጀምር። ሕፃን ልጅ ገበያ መሀል የእናቱን ነጠላ እንደሚይዝ፣ የባሕር ፈረስም ያገኘውን ነገር በጅራቱ ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። የብዙ እንስሳት ጅራት ቢቆረጥ ክብ ነው፤ የእሱ ግን አራት ማዕዘን ነው። ከላይ እስከ ታች በአጥንት ቀለበቶች የተሠራ ሲሆን፣ ጅራቱ ላይ እያንዳንዱ ቀለበት አራት የማዕዘን ሰሌዳዎች አሉት። ኮሜስ አካሉ ላይ 11፣ ጅራቱ ላይ ደግሞ በአብዛኛው 35 ወይም 36 ቀለበቶች አሉት። በ2015 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት የክብና የአራት ማዕዘን ጅራት ሞዴሎችን በባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ ሠርቶ አወዳድሯል። አራት ማዕዘኑ የተሻለ ይይዛል፤ ሲጨፈለቅም ሰሌዳዎቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተቱ ውስጡን ያድኑታል። ጅራቱ ስፋቱ ወደ ግማሽ እስኪደርስ ተጨፍልቆም ጉዳት ሳይደርስበት ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። እንደ ሸርጣን በመቆንጠጫ የሚጨምቅ ጠላት ላለው ፍጥረት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ቅርፊት የሚባል ነገር የለውም። ቆዳው በቀጥታ አጥንቱ ላይ ነው የተወጠረው። «ክንፍና ቅርፊት ያለውን ትበላላችሁ» ከሚለው የኦሪት ትእዛዝ አንጻር ካየነው ገና ከበሩ ይመለሳል። መቼም ሥጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ የሚያጓጓ አይደለም።

አሁን ይህ የማይነቃነቅ ፍጥረት እንዴት እንደሚበላ ተመልከቺ። ጥርስ የለውም። ሆድ የምንለው ጨጓራም የለውም። የበላው ነገር በአጭር አንጀት ቶሎ ያልፋል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መብላት አለበት። የሚበላው ደግሞ በሕይወት ያለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ነው፤ ጥቃቅን ሽሪምፖችና ሌሎች በዓይን እምብዛም የማይታዩ ዘመዶቻቸው። እነዚህ ነገሮች ለውኃ ንቅናቄ እጅግ ንቁ ናቸው። ትንሽ ሞገድ ከተሰማቸው ብን ብለው ይጠፋሉ። አሳድዶ መያዝ የማይታሰብ ነው።

ስለዚህ አያሳድድም። ጅራቱን እንዳጠመጠመ ሽሪምፗ ወደ እሱ እስክትጠጋ በአንድ ዓይኑ ይከተላታል። አንገቱን ደፋ አድርጎ አፉን ቀስ ብሎ ከሥሯ ያስጠጋል። የአፉ ቱቦና የጭንቅላቱ ቅርጽ ከአፉ ጫፍ ፊት ያለውን ውኃ እምብዛም አያናውጠውም። ሽሪምፗም አጠገቧ ጠላት መኖሩን አታውቅም። ከዚያ ጭንቅላቱ በድንገት ወደ ላይ ይወነጨፋል፤ አፉ ተከፍቶ ውኃውን ከነሽሪምፗ ይመጠምጣታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ከአንድ ሰከንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ነው። በጡንቻ ብቻ እንዲህ መፍጠን አይቻልም። ቀድሞ የተወጠረ ጅማት አለ፤ እሱ ሲለቀቅ ነው ጭንቅላቱ የሚወነጨፈው። አንገቱ የፈረስ አንገት የመሰለውም ለጌጥ አይደለም። ቀጥ ያለ ሰውነት ካለው ዘመዱ ከፓይፕ ዓሣ ጋር ሲወዳደር፣ የታጠፈው አንገት ከራቅ ያለ ምግብ ላይ ለመድረስ ያስችለዋል። ድዋርፍ የሚባለው ትንሹ የአሜሪካ ዝርያ ላይ በተደረገ ጥናት፣ በተረጋጋ ውኃ ውስጥ ከአሥር ሙከራ ዘጠኙ ይሳካለታል። አሳድደው ከሚበሉት ዓሦች ብዙዎቹ ይህን በሕልማቸውም አያገኙትም።

«የት ነው የሚገኘው?» ላልሽው፣ «ኮራል ላይ» ብዬ ልገላገልሽ እችል ነበር። ብዙ መጻሕፍት እንዲያ ነው የሚሉት። ግን ግማሽ መልስ ይሆናል። ኮሜስ በሕይወቱ ሦስት ቤት ነው የሚቀያይረው።

የመጀመሪያው ቤት ቤት ለመባልም አይበቃም፤ ክፍት ውኃ ነው። ከአባቱ ከረጢት የወጣው ግልገል ወላጆቹን ቁርጥ ይመስላል፤ ግን የሚጨብጠው ነገር ገና የለውም። ፕላንክተን ከሚባሉት ተንሳፋፊ ጥቃቅን ፍጥረታት ጋር ሆኖ ውኃው ወደ ወሰደው ይሄዳል። አባት ከወለደ በኋላ ዞሮም አያያቸው። አብዛኞቹ የሚያልቁት እዚህ ላይ ነው። ዓሣ ይበላቸዋል፣ ምግብ ያጣሉ፣ ውኃው ወደማይሆን ቦታ ይነዳቸዋል።

የተረፉት ሁለተኛ ቤት ያገኛሉ፤ ሳርጋሰም ነው። ሳርጋሰም ቡናማ የባሕር አረም ነው። ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ከታች ይበቅልና ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ ላይ ይወጣል። ቅጠሎቹ መሀል በአየር የተሞሉ ጥቃቅን ፍሬ መሳይ ነገሮች አሉት፤ ቀጥ አድርገው የሚያቆሙት እነሱ ናቸው። ለትንሽ የባሕር ፈረስ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ጅራቱ ገና ቀጭን ነው፤ የሳርጋሰም ቀንበጥም ቀጭን ነው። ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መደበቂያ አለው። የሚበሉት ጥቃቅን ሽሪምፖችም እዚያው ይርመሰመሳሉ። ዳናሆን ላይ በመጠን እየለዩ የቆጠሩ ተመራማሪዎች ያገኙት ይህንኑ ነው። ትንንሾቹ በብዛት ያሉት አረሙ ውስጥ ነው፤ እያደጉ ሲሄዱ ወደ ሪፉ ይዛወራሉ።

ሦስተኛው ቤት ሪፉ ነው፤ ቅርንጫፍ ያለው ኮራል፣ ስፖንጅ፣ የሚያዝ ነገር ሁሉ። አዋቂው እዚህ ከሰፈረ በኋላ ሰፈሩን እምብዛም አይለቅም። ጠላቂዎች አንዱን የባሕር ፈረስ ዛሬ ባዩበት ቦታ ከሳምንታት በኋላም ያገኙታል። ቀለሙን ከያዘው ነገር ጋር ያመሳስላል። ቢጫ ስፖንጅ ላይ ቢጫ፣ ጠቆር ያለ ኮራል ላይ ጠቆር ይላል። ይህን የሚያደርገው በደቂቃ ውስጥ አይደለም፤ እንደየሁኔታው ቀናት ሊወስድበት ይችላል። ስለዚህ ሰፈር መቀያየር ለእሱ ልብሱን አውልቆ እንደመውጣት ነው።

ሰዎች ብዙ ጊዜ ሪፉን ሲጠብቁ ሳርጋሰሙን ይረሱታል፤ እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ሳርጋሰም አረም ነው፣ ማን ያዝንለታል? ለሽያጭም ይታጨዳል። ኮራሉ ያማረ ፎቶ ይወጣለታል፤ አረሙ አይወጣለትም። አረሙ ከሌለ ግን ሪፉ ላይ የሚሰፍር ጎረምሳ ከየት ይመጣል?

ወደ ወሬው እንመለስ። የፌስቡክ ወሬ አይደለም፤ ወንዱ ነው የሚያረግዘው። ያያችሁት ወንድ ይሁን ሴት ማወቅ ብትፈልጉ ከሆዱ በታች፣ ጅራቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ እዩ። ለስላሳ ከረጢት ካለ ወንድ ነው። ሴቷ ሆዷ እዚያ ላይ ሲደርስ ቁርጥ ይላል።

ሁለቱ ሲጋቡ ሆድ ለሆድ ይገጥማሉ። ሴቷ እንቁላሎቿን በቱቦ መሳይ አካሏ ወንዱ ከረጢት ውስጥ ትጨምራለች። ዋናው ነገር በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ወንዱ እንቁላሎቹን በራሱ ዘር ያስረግዝና የከረጢቱ አፍ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ያለውን «መሸከም» ብቻ ብሎ ማለፍ ነውር ነው። የከረጢቱ ውስጠኛ ግድግዳ ያብጣል፤ የደም ሥር ይወርረዋል። እያንዳንዱ እንቁላል ግድግዳው ውስጥ ሰርጎ በየራሱ ጎድጓዳ ቦታ ይቀመጣል። ዋናው ስንቅ እናቲቱ እንቁላሉ ውስጥ ያስቀመጠችው አስኳል ነው። አባት ደግሞ ኦክስጅን ያቀርባል፣ ቆሻሻ ያስወግዳል፣ ቅባትና ካልሲየም ይጨምራል። በመጀመሪያ የከረጢቱ ፈሳሽ ጨዋማነት የአባትየውን የሰውነት ፈሳሽ ይመስላል። መውለጃው ሲደርስ ግን ቀስ በቀስ ወደ ባሕሩ ውኃ ይጠጋል። ሕፃኖቹ ሲወጡ የባሕሩ ጨው አያስደነግጣቸውም ማለት ነው።

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ውኃው ሲሞቅ ያጥራል። ከዚያ ምጥ ይመጣል። ወንዱ አንድ ነገር በጅራቱ አጥብቆ ይይዝና ወደ ፊት እጥፍ፣ ቀና፣ እጥፍ፣ ቀና ይላል። የከረጢቱ አፍ ይከፈትና ግልገሎቹ አንዳንዴ አንድ ሁለት፣ አንዳንዴ በጅምላ ይተፋሉ። አረፍ ይልና ይቀጥላል። ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ስለ ትልቁ የአውስትራሊያ ዝርያ የወጣ ጥናት አንድ የሚገርም ነገር አሳይቷል። ሴት እንስሳት ሲወልዱ ማሕፀናቸው በራሱ ይኮማተራል፤ እናትየዋ አታዝዘውም። የባሕር ፈረስ ከረጢት ግን እንዲህ ያለ ጡንቻው ጥቂት ነው። ወንዱ የሚወልደው ከረጢቱ አፍ አካባቢ ባሉ፣ ራሱ በሚያዝዛቸው ጡንቻዎችና ሰውነቱን በማጠፍ ነው። የምጡን አኳኋን ስታዪው ነገሩ ያስኬዳል።

የሚወለዱት ቁጥር እንደ ዝርያውና እንደ አባቱ ትልቅነት ይለያያል። በትንንሽ ዝርያዎች ጥቂት ነው፤ በትልልቆቹ ከሺህ ያልፋል። ኮሜስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ይወልዳል።

ለምን ወንዱ? ከጥቅሙ ብንነሳ፣ ሥራው ተከፋፈለ። እሱ ይኼኛውን ሲሸከም፣ እሷ የሚቀጥለውን እንቁላል ታዘጋጃለች። ከወለደ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ሌላ ይቀበላል። ሞቃት ባሕር ላይ ደግሞ መውለጃ ወቅት ብሎ ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ዳናሆን ላይ እርጉዝ ወንድ ዓመቱን ሙሉ ይገኛል። ሌላው ጥቅም ለወንዱ ነው። እንቁላሉ የሚዳቀለው ራሱ ከረጢት ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያሳድገው የማንን ልጅ ነው የሚል ጭቅጭቅ የለበትም።

ይህ እንዲሠራ ግን ሁለቱ መቀናጀት አለባቸው። ኮሜስ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚኖረው፤ አንድ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር። ከራሱ ባሕርይ ጋር የሚሄድ ነገር ነው። ብዙ አይሄድም፤ ዘመዶቹም ሪፉ ላይ ተበታትነው ነው ያሉት። በየጊዜው አዲስ ሚስት ፍለጋ ቢወጣ፣ በመንገድ ላይ ይበላል።

ስለ ሰውነቱ ያልሽው ሌላም መልስ አለው። ኮሜስ ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም የዘረመሎቹ ሁሉ ስብስብ፣ የተነበበለት የመጀመሪያው የባሕር ፈረስ ነው፤ ውጤቱ በታኅሣሥ 2016 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ሌሎች ዓሦች ከሆዳቸው ሥር ያላቸው ጥንድ ክንፍ እሱ የለውም። ተመራማሪዎቹ ጂኖሙ ውስጥ ሲፈልጉ ቲቢኤክስ4 የተባለው ዘረመል ጭራሽ ጠፍቷል። ይህንኑ ዘረመል ከዜብራ ዓሣ ላይ ሆን ብለው ሲያጠፉት፣ የዜብራ ዓሣውም ያለ ሆድ ክንፍ ተወለደ። የጥርስን ጠንካራ ሽፋን (ኢናሜል) ለመሥራት የሚያገለግሉት ዘረመሎችም ጎድለዋል። በሌላ በኩል ከእርግዝና ከረጢቱ ጋር የተያያዘ አንድ የዘረመል ቤተሰብ በቁጥር በዝቷል። ያልተጠቀመበትን ጣለ፣ የሚሠራበትን አበዛ።

ልጅሽ «እንዲህ ሆኖ እንዴት ሳይጠፋ ቆየ?» ካለሽ፣ ስሎቬኒያ ውስጥ 13 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የባሕር ፈረስ ቅሪቶች መገኘታቸውን ንገሪው። ወደ ሌሎች ውቅያኖሶች የተሰራጩትም ዋኝተው አይደለም። የተነቀለ አረም ላይ እንደተጠመጠሙ ሞገድ ወሰዳቸው። እንኳን ሲኖሩ ሲሰደዱም የሚይዙት ነገር አይለቁም።

ከዚህ በኋላ ያለው ግን ለልጅሽ ሳይሆን ለአንቺ ነው።

ኮሜስን ከሳይንቲስቶቹ በፊት ያወቁት የዳናሆን ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ሌሊት እንደሚወጣ ያውቁ ስለነበር ሌሊት ይወጡበታል። ባንካ በሚሏት ቀጭን ጀልባ አፍንጫ ላይ ማሾ ያበራሉ። አጥማጁ መነጽሩን አድርጎ፣ ከጣውላ የተሠራ መቅዘፊያ እግሩ ላይ አስሮ ውኃው ውስጥ ይገባል። ጀልባዋን በገመድ እየጎተተ፣ በማሾው ብርሃን ታች ያለውን ሪፍ እያየ ይዋኛል። ለእራት የሚሆን ዓሣ ይወጋል፣ ሌላም የሚሸጥ ነገር ይለቅማል። የባሕር ፈረስ ካየ ትንፋሹን ይዞ ይጠልቅና በእጁ ያነሳዋል። መሣሪያ አያስፈልግም። የባሕር ፈረስ አይሸሽም፤ አጥብቆ ይይዛል። ሸርጣን ላይ የሚሠራው ነገር ሰው ላይ አይሠራም።

ጥንዱ አንዱን ያጣ እንደሆነ ደግሞ ጉዳቱ የአንድ ነፍስ አይደለም። የቀረው ቶሎ ሌላ አያገኝም፤ እስኪያገኝ መውለድ ይቆማል። የተያዘው እርጉዝ ወንድ ከሆነ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት መቶዎች አብረው ይሄዳሉ።

የደረቁት ወደ ቻይና ባህላዊ መድኃኒት ገበያ፣ በሕይወት ያሉት ወደ ዓሣ ማሳያ ገንዳ ይሄዱ ነበር። በ1995 (እ.ኤ.አ.) ሃንዱሞን የምትባለው የቦሆል መንደር ሰዎች ከካናዳዊቷ ተመራማሪ ከአማንዳ ቪንሰንት ጋር ሆነው 33 ሄክታር ባሕር ከአጥማጅ ከለሉ፤ ጥበቃውንም ራሳቸው ያዙት። እርጉዝ ወንዶችን ባሕር ውስጥ በተሠራ ቀፎ እስኪወልዱ ማቆየትም ተሞክሯል። ከዚያ ሥራ የተነሳው ፕሮጀክት ሲሆርስ የተባለ ድርጅት ዛሬም አለ። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሁሉም የባሕር ፈረስ ዝርያዎች ሳይተስ በሚባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ገቡ፤ በግንቦት 2004 ሥራ ላይ ዋለ። አገራችን ኢትዮጵያም የዚህ ስምምነት አባል ናት። ትርጉሙ ንግዱ ተከለከለ ማለት አይደለም፤ ዝርያውን የማይጎዳ መሆኑ ተረጋግጦ በፈቃድ ይካሄዳል ማለት ነው። ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ እንዳይነገድ የሚል ምክርም አብሮ ወጣ፤ ሐሳቡ ከመጠመዱ በፊት ቢያንስ አንዴ ይውለድ ነው።

ፊሊፒንስ ግን ያኔ የገዛ ሕጓ ሳይተስ የመዘገበውን ሁሉ ማጥመድ ይከለክል ነበር። ስለዚህ የዳናሆን አጥማጅ በአንድ ጊዜ ሕገ ወጥ ሆነ። ማጥመዱ አልቆመም፤ ተደበቀ። እኔ ይህ ትክክለኛ መንገድ ነበር ብዬ አላምንም። አጥማጁ ስንት እንደያዘ የሚናገርበት ምክንያት ሲያጣ፣ ተመራማሪውም መቁጠሪያውን አጣ። መጠን ወስኖ፣ ሳርጋሰሙንና ሪፉን አብሮ ከልሎ፣ ሰዎቹን ማሳተፍ ይሻል ነበር።

በዓለም ደረጃ ደግሞ ትልቁ ችግር የማሾ አጥማጁ አይደለም። ሽሪምፕ ፍለጋ የባሕሩን ወለል የሚጠርግ መረብ ነው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት በ21 አገሮች ሳይፈለጉ በመረብ የሚያዙት የባሕር ፈረሶች በዓመት ወደ 37 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ገምቷል። አንድ ጀልባ በቀን የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ጀልባዎቹ ናቸው የበዙት። መረቡ አረሙንም አብሮ ይነቅላል። ዳናሆን ላይ በድማሚት የሚያጠምዱም ነበሩ፤ ኮራሉን ወደ ኮረት ይለውጠዋል። ኮሜስ አሁን «ለአደጋ የተጋለጠ» ተብሎ ነው የተመዘገበው።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ እናንተ ባሕረ ሰላጤው ላይ ስላላችሁ። ከእስያ የሚመጣ ሰው ደረቅ የባሕር ፈረስ ለመድኃኒት ወይም ለጌጥ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሳይተስ ለግል መገልገያ እስከ አራት ያለ ወረቀት ማሳለፍን ይፈቅዳል። አንዳንድ አገሮች ግን ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላቸውና አንድም ቢሆን ጉምሩክ ላይ ሊያስጠይቅ ይችላል። «አደራ አድርሽልኝ» የሚልሽ ካለ፣ ከመቀበልሽ በፊት የምትሄጂበትን አገር ሕግ ጠይቂ።